ከተማ ሲለማ የጎረቤት ሐቅ የት ይገባል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። መንገድ ሊሰፋ መሆኑ፣ በአንዱ ወገን ያሉት ቤቶች እንደሚነሡ፣ ፕላኑም ጸድቆ መምጣቱ ተነገረን። ከዚያም «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ተባለ። እኔም አወጣሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ልጆቻችንን አስመርሯቸዋል፤ ምጥ የያዛት ሴት እስከ አስፋልቱ ድረስ በሰው ሸክም ነበር የምትወጣው። ስለዚህ መንገዱን መደገፌ ስሕተት ነበር አልልም። ነገር ግን ቤቴ ከማይነሣው ወገን ነው። እጄን ሳወጣ ይህን አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ።

ፊት ለፊታችን እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። እጃቸውን አላወጡም፤ አልተቃወሙምም። ስብሰባው ሲበተን ጠጋ ብለው «ኡስታዝ፣ እዚያ ስሄድ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል?» አሉኝ። «እማማ፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ቃሉ እውነት ነው። ሰው ግን በእውነተኛ ቃልም ከኃላፊነት ሊሸሽ እንደሚችል የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በሕግ የተወሰነና ካሳ የተከፈለበት ነገር ሁሉ በአላህ (ሱ.ወ) ፊት ከበደል ነጻ ያደርገናልን?

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ1987 ዓ.ል. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቤቱ ግምት አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሳ እንዲኖር ደንግጓል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ል. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ ይህ ጉዳይ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና እንደገቡ ለመስጂድ የመረጡት ቦታ ሰህልና ሱሀይል የተባሉ የሁለት የቲሞች የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥዎ ሲሏቸው እርሳቸው ግን አልተቀበሉም፤ በዋጋ ገዙት። አስተውሉ! ከነቢዩ መስጂድ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም የት ይገኛል? ሰጪዎቹስ በደስታ አልነበረም የሰጡት? ሆኖም የዓላማው ታላቅነት የደካማውን ሐቅ እንዲውጠው አልፈቀዱም።

በዑመር (ረ.ዐ) ኺላፋ መስጂዱ ጠበበ። ለማስፋት የዐባስ (ረ.ዐ) ቤት ተፈለገ፤ ዐባስ ግን እንቢ አሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ሁለቱም ኡበይ ኢብኑ ከዕብን (ረ.ዐ) ዳኛ አድርገው ተቀመጡ። ኡበይ በኸሊፋው ላይ ፈረዱ፤ ዑመርም ፍርዱን ተቀበሉ። ዐባስ ሐቃቸው ከተረጋገጠ በኋላ ቤቱን ለሙስሊሞች በነጻ ሰጡ። ይኸው ዑመር በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ በመካ የሐረሙን ግቢ የከበቡትን ቤቶች እየገዙ አፍርሰዋል። ዋጋውን አንቀበልም ያሉትንም ገንዘባቸውን አስቀምጠውላቸው ቤቱን አንሥተዋል። እንግዲያውስ ዲናችን የአንድ ሰው እንቢታ የሕዝብን መንገድ ለዘላለም ይዝጋ አይልም። የአንድን ሰው ሐቅ ሕዝብ ይርገጠውም አይልም።

ዑለማዎች ይህንን ሚዛን ጠብቀው ቆይተዋል። የዑስማንያ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ የሆነው መጀላ መንገድ ለማስፋት ንብረትን በዋጋው መውሰድን ሲፈቅድ ዋጋው ሳይከፈል ግን ከባለቤቱ እጅ እንዳይወጣ ደንግጓል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.አ.አ በ1988 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ዋጋው ፍትሐዊ፣ ሳይዘገይ የሚከፈልና በባለሙያ የተገመተ እንዲሆን፣ ቦታው ለእውነተኛ የሕዝብ ጥቅም እንዲውል፣ ወደ ግለሰብ መነገጃ እንዳይዞር አሳስቧል።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የሚቀር ነገር አለ። እርሱም ጉርብትና ነው። በሐነፊ መዝሀብ ቤት ሲሸጥ ጎረቤት ከሌላው በፊት የመግዛት መብት አለው፤ ሹፍዓ ይባላል። በሻፊዒ መዝሀብ መብቱ የንብረቱ ሸሪክ ብቻ ነው። በዚህ ቢለያዩም የጎረቤትን ሐቅ ያቀለለ መዝሀብ የለም። አዋጁ ለተቋረጠ ትስስር ገንዘብ ይቆርጣል፤ መልካም ነው። ገንዘብ ግን በሌሊት በር አያንኳኳም፤ ታማሚም አይጠይቅም።

እኚያን እናት ልጠይቅ የሄድኩት ከተነሡ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሁለት ታክሲ ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ምጣዳቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስለ ካሳው ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ «ኡስታዝ፣ እዚህ የሚያውቀኝ የለም። ጀናዛዬን ማን ይሸኘዋል?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ስመለስ የመስጂዳችንን ጀመዓ አማከርኩ። በእድራችን እንዲቀጥሉ ተስማማን፤ ሦስት ቤተሰቦችም በየሳምንቱ እንጀራ ከርሳቸው ለማምጣት ተራ ገባን። ይህ ዕዳዬን ከፈለልኝ አልልም። አራት ወር መዘግየቴን አላህ ያውቀዋል።

ወንድሞችና እኅቶች! በምክር ቤት ወንበር የተቀመጠም፣ በሰፈር ስብሰባ የተገኘም፣ የሚያወጣው እጅ ምስክርነት ነው፤ አማናም ነው። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ጥቅሙ የሕዝብ ነው ወይስ የኔ ቤት ዋጋ እንዲጨምር ነው? የሚነሣው ሰው ዋጋውን በእጁ ይዟል? ቅሬታ ቢኖረው በባለሥልጣን ላይ ሊፈርድ የሚችል ዳኛ ያገኛል? ለነዚህ መልስ ካላገኘን እጃችን ትቆይ። ካገኘንና ካወጣናት ደግሞ ሥራዋ እዚያ አያልቅም። መንገዱ ለኛ የቀረበውን ያህል፣ በኛ ምክንያት የራቀውን ጎረቤት ሄደን መጠየቅ አለብን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰውን መሬት ስንዝር እንኳ በዙልም የወሰደ በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበት አስጠንቅቀውናል። አላህ ከዚያ ሸክም ይጠብቀን፤ ከተሞቻችንን ያልማልን፤ የጎረቤትን ሐቅ የምንጠብቅም ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።