ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ

አንድን አሮጌ ላንድክሩዘር ለአስቸጋሪ መሬት ለማዘጋጀት ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ገንዘብ አይጠይቅም። ከጎማው ንፋስ መቀነስ ነው። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሰው መኪናውን ላሻሽል ብሎ ሲነሣ ልቡ የሚሄደው ወደ መጨመር ነው፤ ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ ጣሪያው ላይ ሰፊ ፖርቶመጋላ። አሸዋው ግን ከመኪናው የሚፈልገው ሌላ ነው።

መኪናውን ተሸክሞ የሚሄደው በአብዛኛው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 700 ኪሎ ያሳርፋል። ጎማው በንፋስ መለኪያው 35 ፒኤስአይ ከተሞላ፣ ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር መሬት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሸከማል። ስለዚህ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት 285 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ንፋሱ ወደ 18 ሲወርድ ይኸው ስፋት 550 ይደርሳል። የጎማው ጎን ጥንካሬ ሒሳቡን ትንሽ ያዛባው ይሆናል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ኪሎ ሳይወርድ፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ እያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር መሬት ከተጫነው ሸክም ግማሽ ያህሉ ይቀልለታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ የጎማው አሻራ ወዴት እንደሚያድግ ነው። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው ወደ ጎን ይሰፋል ብለን እናስባለን። በእርግጥ ጥቂት ይሰፋል፤ ይበልጥ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል። አሸዋውን ከፊቱ እየገፋ ክምር ከመሥራት ይልቅ ላዩ ላይ ተኝቶ ያልፋል። ከዳሎል ጨው ተሸክሞ የሚወጣው ግመል እግሩ መሬት ሲነካ እንደሚዘረጋው ማለት ነው። ሰፊ ጎማ ለመግዛት ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው፣ የፈለገው ነገር በያዘው ጎማ ውስጥ እንዳለ ቢያውቅ ገንዘቡ ለሌላ ይተርፈው ነበር።

በመኪና በረሃ ማቋረጥን ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግብፅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪኖች ይዞር ነበር። መኪኖቹ ፎር ዊል አልነበሩም፤ በኋላ ጎማቸው ብቻ የሚሄዱ ተራ የከተማ መኪኖች ነበሩ። እሱ ያደረገው ምንድን ነው? የማያስፈልገውን አካል ፈታ፣ ክብደት ቀነሰ፣ ንፋስ አወረደ። ራዲያተሩ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ባክኖ እንዳይቀር በቱቦ ወደ ጣሳ መለሰው፤ እዚያ ቀዝቅዞ ውኃ ሆኖ ወደ ራዲያተሩ ተመልሶ ይገባል። የተቀበረ ጎማ ለማውጣት ከሥሩ የሚያነጥፈውን የብረት ሰሌዳ ያገኘው ካይሮ ውስጥ ከውራጅ ብረት መካከል ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለምሽግ ጣሪያ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በረሃ ለበረሃ የሚንቀሳቀሰውን የእንግሊዝ የቅኝት ጦር ሲያቋቁም ይህንኑ ዕውቀት ይዞ ገባ። በዓመቱ ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ስለ መኪና ሳይሆን ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚያጠና ነው። ባግኖልድን የምወደው ለዚህ ነው። መኪናውን ያሻሻለው መሬቱን በማጥናት ነበር።

በእኛ አገር የያዙትን መኪና በጥቂት ወጪ የማሻሻሉ ነገር ከምንጊዜውም በላይ ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል፤ የመለዋወጫውም ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። እንግዲህ ያለችው ጥቂት ብር የት ትግባ? ለእኔ መጀመሪያ አራቱም እኩል የሆኑ፣ ጎናቸው ያልተሰነጠቀ ጎማዎችና የማያሳፍር ተጠባባቂ ጎማ ናቸው። ቀጥሎ ትክክለኛ የንፋስ መለኪያ፣ አካፋ፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ። ፖርቶመጋላው ይቆይ። ጣሪያ ላይ የወጣ ጀሪካን ሁሉ በጎን ተዳፋት ላይ መኪናውን ወደ መገልበጥ ያቀርበዋል።

የጎማው ንፋስ ስንት ፒኤስአይ ይሁን ለሚለው ግን አንድ መልስ የለም። ለልል አሸዋ ከ15 እስከ 18፣ ለጠጠር ከ25 እስከ 28 ይበቃል። ወደ ኤርታ አሌ ሲኬድ ግን እንደ ስለት የሚቆርጥ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። እዚያ በጣም የለሰለሰ ጎማ ጎኑ ወጥቶ ይታያል፣ ድንጋዩም የሚያገኘው ደካማውን ጎን ነው። ንፋስ የቀነሰ ሰው ፍጥነትም መቀነስ አለበት። መሪውን በኃይል ከጠመዘዘው ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

ከመቀሌ በበራህሌ በኩል በአፋር ቆላ ወዳለው ሐመድ ኤላ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ለዚህ ንፋስ የራሱ ትምህርት አለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘልቃል። ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ሳይነካ፣ ውጭ ያለው አየር እየከበደ ስለሚመጣ መለኪያው ሦስት ፒኤስአይ ተኩል ያህል ማነስ ነበረበት። ነገር ግን የቆላው ሙቀት ንፋሱን አስፍቶ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። እኩለ ቀን ላይ የለካ ሹፌር ምንም እንዳልተለወጠ ያያል። ሌሊቱን አድሮ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ማለዳ ቢለካ ግን ቁጥሩ ወርዶ ያገኘዋል። መለካት ያለበትም ያኔ ነው፤ ፀሐይ ሳይመታው፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ። ወደ ደጋ ሲመለስ ደግሞ ውጭው ይሳሳና ቁጥሩ ይወጣል። ማለዳ ሳይነሣ አራቱንም ጎማ ዞሮ የሚለካ ሹፌር ሳይ አብሬው ብሳፈር እላለሁ።

የለቀቁትን መልሶ መሙላት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አስፋልት ላይ ሲወጣ በአቅራቢያ ጎሚስታ ላይኖር ይችላል። እስከሚቀጥለው ከተማ እንዲሁ ልሂድ የሚል ፈተናም አለ። በ18 ፒኤስአይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ይፈታዋል፤ ሲፈነዳም ሰው የጫነ መኪና ይዞ ነው። ስለዚህ ከባትሪ ኃይል የሚወስድ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከዊንችም ከፓራውልትም በፊት መገዛት አለበት እላለሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ስለሚግል መሃል ላይ ማሳረፍ ይጠይቃል፤ ተሳፋሪዎች ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ሹፌሩ የጎማ ብሎኖችን ያጠብቃል፣ በጎማው ጎን የተሰካ እሾህ ካለም የሚገኘው ያኔ ነው።