ገቢንና ወጪን መጻፍ አያሳፍርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጳጉሜን 3 ቀን የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ስናከብር፣ የጦቢትን ዐይን እንደ ፈወሰ፣ ልጁን ጦብያንም በመንገድ እንደ ጠበቀ እንሰማለን። ያ ጉዞ የተጀመረው ስለ ገንዘብ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። ጦቢት እንደ እኛ ከአገሩ የራቀ፣ በነነዌ በምርኮ የሚኖር ሰው ነበር። በደኅናው ዘመን በሜዶን አገር ራጌስ በምትባል ከተማ ለሚኖር ገባኤል ለተባለ ሰው 10 መክሊት ብር በአደራ ሰጥቶ ነበር። ኋላ ዐይኑ ታወረ፤ ቤቱም ደኸየ። በዚያን ጊዜ ገንዘቡን አስታወሰና ልጁን ሲልከው የአደራውን ጽሕፈት ሰጠው። ወደ ራጌስ ጽሕፈቱን ይዞ የሄደው ግን ጦብያ አልነበረም፤ እርሱ በሠርጉ ተይዞ ነበርና መልአኩ ሄደለት። ገባኤልም ጽሕፈቱን ተቀብሎ ገንዘቡን እንደ ታሸገ አስረከበ። በእግዚአብሔር ፊት ከሚቆሙት ከሰባቱ አንዱ የገንዘብ ወረቀት መሸከምን አልናቀም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በስደት አገር ባልና ሚስት ተጣልተው ወደ ካህን ሲመጡ፣ የጠቡን ሥር ቆፍሬ ሳየው ብዙ ጊዜ የማገኘው ገንዘብን ነው፤ ይልቁንም ያልተጻፈ ገንዘብን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ባለትዳሮች መጡ። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውንና ከተማቸውን አልጠቅስም። እርሱ ታክሲ ይነዳል፤ እርስዋ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። «አባ፣ ደመወዝዋን ጠቅላላ ለእኅቶችዋ ትልከዋለች» አለኝ እርሱ። «አባቴ፣ የወንድሙ ቤት የሚሠራው በእኔ ላብ ነው» አለች እርስዋ። ስንት እንደ ላከች ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ስንት እንደ ላከ ጠየቅኋት፤ እርስዋም አታውቅም። ይባስ ብሎ እያንዳንዳቸው ራሳቸው የላኩትን እንኳ በትክክል አያውቁትም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ቀናት ቀርተውት ነበር። ዳኛ ፈልገው መጥተው ደብተር ሰጠኋቸው። «55ቱን ቀን የገባውንና የወጣውን ሁሉ፣ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ሳይቀር፣ ሁለታችሁም በየእጃችሁ ጻፉ፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ ግን ስለ ገንዘብ አትከራከሩ» አልኋቸው። ባልየው ቅር ብሎት ወጣ።

በዳግማይ ትንሣኤ ደብተሩን ይዘው ተመለሱ። ወደ አገር ቤት የተላከው ከሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከጠረጠሩት እጅግ ያንስ ነበር። ብዙውን የበላው ማንም ተጣልቶበት የማያውቅ ነገር ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ የዘገየ ሂሳብ መቀጫ፣ ከሁሉም በላይ ከውጭ እየተገዛ የተበላ ምግብ። ለጾም ምግብ በፍስክ ከሚያወጡት የሚበልጥ ማውጣታቸውን ሲያዩ ሳቁ። እኔ ብዙም አልሳቅሁም፤ ከጾም የሚተርፈው የድኻ ድርሻ ነውና።

በምኵራብ ሳምንት ገጽ ላይ ደግሞ በባልየው እጅ «ካርድ፣ 60 ዶላር» የሚል ተጽፎ ነበር። ሚስቲቱ ይህን ካርድ አታውቀውም። ከሁለት ዓመት በፊት ታክሲው ሲሰበር በክሬዲት ካርድ 3,000 ዶላር ተበድሮ፣ አፍሮ ሸሽጎት ኖሮአል። ወለዱ በዓመት 20 በመቶ ነው። ቁጭ ብለን ስናሰላው በወር ወደ 50 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ይወልዳል፤ እንግዲያስ ከሚከፍለው 60 ዶላር ውስጥ ዕዳውን የሚነካው 10 ያህል ብቻ ነው። ሁለት ዓመት 1,440 ዶላር ከፍሎ ከዕዳው የተቀነሰለት 300 እንኳ አይሞላም። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ግን የተቆጣችው በዕዳው አይደለም። «ለምን ብቻህን ተሸከምኸው?» ነው ያለችው።

ደብተሩ አንድ ሳንቲም አልጨመረላቸውም። ነገር ግን ሳይጻፍ ሳለ ጥርጣሬና ኀፍረት የነበረው፣ ሲጻፍ ቁጥር ሆነ፤ ቁጥርን ደግሞ ሁለት ሰዎች አብረው ሊመክሩበት ይችላሉ። ከውጭ ምግብ ያተረፉትን 100 ዶላር በየወሩ ቢጨምሩበት የቀረው ዕዳ በ20 ወር ገደማ እንደሚያልቅ ያው ደብተር አሳያቸው።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 42 ሰው ሊያፍርባቸው የማይገቡትን ነገሮች ይዘረዝራል። የልዑል ሕግ በመጀመሪያ ይገኛል፤ ወረድ ብሎም የሚያስረክቡትን ቆጥሮና መዝኖ መስጠት፣ የሰጡትንና የተቀበሉትንም በጽሑፍ ማኖር አለ። ጠቢቡ ስለ ኀፍረት መናገሩን ልብ በሉ! ከመጻፍ የሚከለክለን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ከወንድም ጋር ወረቀት መጻጻፍ አለመተማመን ይመስለናል። ደግሞም እኮ በዕድርና በዕቁብ ጸሐፊ የምንሾም ሕዝብ ነን! ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ነገሥታት ለገዳሙ የሰጡት ርስት የተመዘገበው በወንጌሉ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አባቶቻችን የመሬትን ነገር ከወንጌል ጋር በአንድ ጥራዝ ማኖር ነውር አልመሰላቸውም።

«ከቆጠሩት በረከቱ ይሸሻል» የሚሉም አሉ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር መረቡን በሞላላቸው ጊዜ ዓሣው ተቆጥሮአል፤ 153 እንደ ነበረ ዮሐንስ ጽፎልናል፤ መረቡም አልተቀደደም። በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝብ ሲጠግብም የተረፈው 12 መሶብ ተቈጥሮ ነው ያወቅነው። በረከቱ ከመቈጠሩ የተነሣ አላነሰም።

ምጽዋትስ ይጻፋልን? ጌታ ግራ እጅ ቀኝ የምታደርገውን አትወቅ ማለቱ ለታይታ እንዳይሆን ነው፤ የቤት ደብተር ለጎረቤት አይነበብም። የተቀባዩን ስም ትታችሁ «ለእግዚአብሔር» ብላችሁ መጠኑን ብቻ አስፍሩ። ደብተሩን አምላክ የሚያደርግ ሰውም እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ጎተራውን ያሰፋ ባለጸጋ ሂሳብ የሚያውቅ ነበር፤ ነፍሱን ብቻ ነው ከሂሳቡ ውጭ የተዋት።

አጻጻፉ ቀላል ነው። አንድ ደብተር፣ ሁለት እጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን፤ ቅዳሜ ማታ ከእሑድ ቅዳሴ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ። የተበደራችሁትን ከነአበዳሪው ስም፣ ያበደራችሁትንም ከነቀኑ ጻፉ። ያልተከፈተ የባንክ ፖስታ በመሳቢያ ያላችሁ፣ መጀመሪያ እርሱን ክፈቱ። ብቻችሁን መክፈት ከፈራችሁ ወደ እኔ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እንከፍተዋለን።

እነዚያ ባልና ሚስት ካርዱን ከዘጉ ቆይተዋል። ደብተሩ ግን ቀጥሎአል፤ ባለፈው የልደት በዓል አሳይተውኝ ነበር። የየወሩ ገጽ የሚጀምረው በሚስቲቱ እጅ «ለእናቶቻችን» በሚል መስመር ነው፤ ከአጠገቡ የባልየው ፊርማ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።