ሰበብ ማድረስና ሰበብ ማብዛት



በአማርኛችን «ሰበብ» የምትለው ቃል ስሟ ጠፍቷል። አንድን ሰው «ሰበብ አታብዛ» ስንለው ማመካኛ አትደርድር ማለታችን ነው። በዲናችን ቋንቋ ግን ሰበብ ማለት አላህ አንድን ነገር የሚያስገኝበት መንገድ ነው። ዝናብ ለሰብል ሰበብ ነው። ምግብ ለጥጋብ ሰበብ ነው። መድኃኒት ለሽረት ሰበብ ነው። ኡስታዞቻችን «ሰበቡን አድርስ፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» ሲሉን የኖሩት በዚህኛው ትርጉም ነው። የዛሬው ማስታወሻዬ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ሰበብ ስለማድረስና ሰበብ ስለማብዛት።

ይህን ያነሣሁት የኮሮና ክትባትን ጊዜ አስቤ ነው። «ያ እኮ አለፈ» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሽታው ከወሬ ወጥቷል፤ ያኔ የወሰንነው ውሳኔ ግን ከብዙዎቻችን ልብ አልወጣም። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጠብቀው ስለዚያ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ዘመቻ በመጣ ቁጥርም ያው ክርክር እንደገና ይነሣል።

እናስታውስ። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መስጂዶች ተዘጉ፤ የዚያን ዓመት ረመዷን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ሐጅም በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ውጭ ለሚመጣ ሰው ዝግ ሆነ። የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ ክትባት፣ ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶዝ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 አዲስ አበባ ገባ። ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ተጀመረ። ቀጥሎ ለአረጋውያንና የቆየ ሕመም ላለባቸው፣ በ2014 ደግሞ በዘመቻ ለብዙኃኑ ደረሰ።

ሶዶ ላይ ግን ከክትባቱ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር። እዚህ ወላይታ እኛ ሙስሊሞች ቁጥራችን ትንሽ ነው። ጎረቤታችን፣ አክስታችን፣ አንዳንዴም የገዛ እናታችን የሌላ እምነት ተከታይ ናት። ስለዚህ ወሬውን ከሁሉም በኩል ሰማነው። በአንዱ ቤት የአውሬው ምልክት ነው ተባለ። በእኛ ቤት ደግሞ መሃን ያደርጋል፣ ሐራም አለበት፣ ሙስሊሙን ለመቀነስ የመጣ ነው ተባለ። ያው መርፌ፣ ያው ጤና ጣቢያ፣ ያቺው ነርስ፤ ፍርሃቱ ብቻ እንደየቤቱ ልብሱን ቀያየረ።

ያኔ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን ላንሣ።

የመጀመሪያው «ውስጡ ሐራም የለበትም ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሙስሊም የሚበላውንና ወደ ሰውነቱ የሚያስገባውን ሊጠይቅ ይገባዋል። የኢንዶኔዢያ የዑለማ ምክር ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ አስትራዜኔካ ሲነጋገር፣ ሲመረት ከአሳማ የተገኘ ነገር ተጠቅመውበታል ብሎ ሐራም አለበት አለ። ኩባንያው ይህን አስተባበለ። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ውሳኔው አደጋው ስለከበደና በቂ አማራጭ ስላልነበረ በዶሩራ ይፈቀዳል ብሏል። የኤምሬትስ የፈትዋ ምክር ቤትም ከዚያ ቀደም ብሎ ፈቅዷል። ልብ በሉ፤ እጅግ የተጠራጠረው ወገን እንኳ መጨረሻው «ተከተቡ» ነው። ከእኛ መካከል የፈትዋውን ግማሽ ብቻ ቆርጦ «ዑለማዎች ሐራም አሉት» እያለ ያሰራጨ ሰው ግን ነበር። ይህ ዒልም አይደለም።

ሁለተኛው «ጾም ያበላሻል ወይ?» የሚለው ነው። ክትባቱ በገባ በአንድ ወር ገደማ ረመዷን ስለገባ ነገሩ አጣዳፊ ነበር። መልሱ ግን አዲስ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ለምግብነት የማይሰጥ መርፌ ጾም እንደማያበላሽ ወስኖ ነበር። ኮሮና ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐጅ የሄዱ አባቶቻችን የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስዱ አልሄዱም፤ ሳዑዲ ይህን ከተጓዦች ትጠይቃለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ሐጅ ለውጭ ሰው እንደገና ሲከፈትም የኮሮና ክትባት የወሰደ ብቻ ነው የገባው። ካዕባን ልናይ ስንል ክንዳችንን ሰጥተን፣ እናታችንን ልንጠብቅ ስንባል «ዲኔ አይፈቅድም» ማለት እንዴት ይሆናል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ «ይጎዳኝ ይሆን?» የሚል። ክትባት ምንም ጉዳት የለውም የሚላችሁን ሰው አትመኑት። እኔ ራሴ የተከተብኩ ዕለት ሌሊቱን አተኩሶኝ አድሬያለሁ፤ ክንዴም ሁለት ቀን ከብዶኝ ነበር። ከዚህ የከበደም አለ። አስትራዜኔካ በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ የደም መርጋት እንደሚያስከትል የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በይፋ ተናግሯል፤ አንዳንድ አገሮችም ለወጣቶች መስጠቱን ትተዋል። የፊቅህ ሰዎች ግን ነገርን በሚዛን ማየት አስተምረውናል። ሁለት ጉዳት ፊትህ ሲቆም ቀላሉን ተሸክመህ ከባዱን ትመልሳለህ። ስኳርና ደም ግፊት ላለባት የሰባ ዓመት እናት የሚዛኑ አቅጣጫ ግልጽ ነበር። ያለባት ሕመም ያጠራጠረው ደግሞ መንገዱ ቅርብ ነው፤ ኦቶና ሄዶ ሐኪም መጠየቅ ይችላል። ቁርኣኑም የማናውቀውን ከሚያውቁት እንድንጠይቅ ያዘናል። ስለ ሰውነት የሚያውቁት ደግሞ ቴሌግራም ላይ ድምፅ የሚለቁት አይደሉም።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ብዙዎችም በሙሉ እምነት የሚናገሩት ስለሆነ ክብር ይገባዋል። «ኡስታዝ፣ አላህ የጻፈው አይቀርም። ከተጻፈብኝ ተከትቤም እሞታለሁ፤ ካልተጻፈብኝ ሳልከተብም እኖራለሁ።»

ይህን ከእኛ በፊት ሶሓቦች ተነጋግረውበታል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ አልተስማሙም። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነሱ በአንድ ድምፅ መመለሱን መረጡ። ዑመር እንመለሳለን አሉ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ፣ የምንሸሸውም ከአላህ ቀደር፣ የምንሄድበትም ወደ አላህ ቀደር ነው የሚል ነበር። መንጋውን ከደረቁ ዳገት ወደ ለምለሙ ያሻገረ እረኛ ሁለቱም ጋ በአላህ ቀደር ውስጥ ነው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ካለበት እንዳይገባ፣ ካለንበትም ሸሽተን እንዳንወጣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሩ፤ የዑመርም ውሳኔ ከዚያ ጋር ገጠመ።

እንግዲህ በሽታው በቀደር ከሆነ መርፌውም በቀደር ነው። ሆድህ ሲራብ «ካልተጻፈብኝ አልሞትም» ብለህ ገበታ ትተህ አትነሣም። ቤትህን ማታ ሳትቆልፍ አትተኛም። ለሆድህና ለንብረትህ ሰበብ የምታደርስ ሰው ለእናትህ ሳንባ ሲሆን ብቻ ቀደርን ከጠራህ፣ ያ ሰበብ ማብዛት ነው።

ከዚሁ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለ። አቡ ዑበይዳ ሻም ቀሩ፤ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራም በዓምዋስ ወረርሽኝ ሞቱ። አንድም ሶሓባ «ነግረንህ ነበር» ብሎ አልወቀሳቸውም። ዑመር ራሳቸው እጅግ የሚወዷቸው ሰው ነበሩ። ስለ አንድ ወረርሽኝ በአሳብ ተለያይተው በልብ አልተለያዩም። እኛ ግን የተከተበው ያልተከተበውን «ጃሂል»፣ ያልተከተበው የተከተበውን «የፈረንጅ ተላላኪ» ተባብለን፣ ዒድ ላይ ያልተዛየርን ወንድማማቾች አለን።

አሁን አንድ ሰው ልንገራችሁ፤ ስሙን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዶልኛል። እናቱ በዕድሜ የገፉ፣ ስኳር ያለባቸው ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው መጥታ ስትነግራቸው እናትየው ልጃቸውን ጠየቁት፤ በቤቱ የተማረው እሱ ነበርና። እሱም «እማ፣ ትንሽ ቆይ፣ ነገሩ ይጣራ» አላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። ይህ ሰው ከሶላት በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቆ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ?»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ጥያቄ በልባችሁ የያዛችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ የነገርኩትን ለእናንተም እላለሁ። አይደለህም። አጀል በአላህ እጅ ነው። ብትከተብ ኖሮ ትድን እንደነበር አንተም እኔም አናውቅም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙሲባ ከደረሰ በኋላ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን ራሳችንን እንዳንበላ አስተምረውናል፤ የሸይጧን በር ነውና። ክፉ አላሰብክባትም፤ የምትወዳትን ከማታውቀው ነገር ልትጠብቅ ነው የሞከርከው። በወረርሽኝ የሞተ ሙእሚን የሸሂድ ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል፤ ለእናትህም ይህን ከአላህ እንከጅላለን። ዱዓ አድርግላት፣ ሰደቃ ስጥላት፣ ትዘይራቸው የነበሩትን ሰዎች አንተ ዘይርላት።

ዑለማዎቻችን ስለ ቀደር ሲያስተምሩ አንድ ድንበር ያሰምራሉ። ቀደር ለደረሰ ሙሲባ መጽናኛ ነው፤ ለምንተወው ግዴታ ግን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ኋላ ስንዞር «አላህ ወሰነ» እንላለን፤ ልባችን ያርፋል። ወደ ፊት ስንዞር ግን «ሰበቡን አደርሳለሁ» እንላለን። አቅጣጫውን የቀየረ ሰው ሁለቴ ይጎዳል። ላለፈው በጸጸት ይቃጠላል፤ ለሚመጣው ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ለሚመጣው የሠራ ሰው ታሪክ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ላምጣ። ዓሊ ማዎው ማሊን መርካ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ የፈንጣጣን ክትባት ሸሸ። በጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. በመኪና የሚጓዙ የፈንጣጣ ሕመምተኞችን መንገድ ሲያሳይ ያዘው። ዳነ። በተፈጥሮ በሚተላለፍ ፈንጣጣ የተያዘ በዓለም የመጨረሻው ሰው ተብሎም ተመዘገበ። ይህ ሰው በኋላ አፍሮ አልተደበቀም። ፖሊዮን ለማጥፋት በበጎ ፈቃድ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ልጆቻቸውን ለማስከተብ የፈሩ ወላጆችን ቁጭ አድርጎ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው ሥራ ላይ እያለ በወባ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ያለፈውን ለአላህ ሰጥቶ በቀረው ዕድሜው ለሰው ልጆች ሰበብ ሆነ።

ከዛሬ ጁሙዓ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ።

አንደኛ፣ በኮሮና ጊዜ ቤተሰብ አጥቶ ራሱን የሚወቅስ ሰው ካወቃችሁ ዛሬ ደውሉለት። ክርክሩን ተዉት፤ ጀናዛ ላይ እንደመጣችሁ ሆናችሁ አጽናኑት።

ሁለተኛ፣ ዲንን የሚነካ የጤና ወሬ ሲደርሳችሁ ሳትጠይቁ አታስተላልፉ። ሃይማኖቱን ከዑለማ፣ ሕክምናውን ከሐኪም። አንተ በአንድ ጣት የምታስተላልፈውን አንዲት እናት «ልጄ የተማረ ነው» ብላ ታምንበታለች። ይህ አማና ነው፤ የቂያማ ቀን ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚቀጥለውን የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ዘመቻ ይዛ በራችሁን ስታንኳኳ የልጆቻችሁን ካርድ አውጡ። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቋት። በዝናብና በጭቃ መጥታለችና ውኃም ስጧት። የእኛ ልጅ ጤና ከጎረቤታችን ልጅ ጤና አይነጠልም፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ሙስሊም ለሆነው ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ያ አላህ፣ በዚያ ወረርሽኝ የሞቱብንን ማር፣ የሸሂዶችን ደረጃ ስጣቸው። በጸጸት የሚቃጠሉ ልቦችን አብርድ። ታማሚዎቻችንን አሽር፤ ለማዳን የሚደክሙትን ሐኪሞችና ነርሶች በያሉበት ጠብቅ። ሰበብ ከሚያበዙት ሳይሆን ሰበብ አድርሰው በአንተ ከሚመኩት አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።