ታይምኮዱ ሲቆረጥ

ልጄ፣ የቤተሰቡን የሰርግ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የሚኒ ዲቪ ማጫወቻ ከገበያ እየጠፋ፣ ቴፑም እያረጀ ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ወደ «ሴቭ» ግፋት። ያ ቀረጻ ሌላ ቅጂ የለውም፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የታይምኮድ መቆረጥ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ታይምኮድ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ በእኛ አገር ፓል ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ቆሞ ሲቀጥል ካቆመበት ቁጥር ይነሳል። ሰርግ ላይ ግን ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ይቀረጽና እህቶቿ «እስቲ አሳየን!» ይላሉ። ካሜራማኑ መልሶ ያጫውትላቸዋል፤ ምስሉ ያልቅና ቴፑ ወደ ባዶው ያልፋል። ከዚያ ሲቀርጽ ካሜራው የሚያነበው ቁጥር ስለማያገኝ እንደገና ከ00:00:00:00 ይጀምራል። አንዱ ካሴት እንዲህ «አምስተኛው ደቂቃ» የሚባል ሁለት ቦታ ይኖረዋል።

ባች ካፕቸር፣ ማለትም የዘረዘርክለትን ቦታ ኮምፒውተሩ ራሱ ከካሴቱ እየፈለገ የሚያስገባበት መንገድ፣ ደግሞ ቁጥር አምኖ የሚሠራ ነው። ከምትፈልገው ቦታ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ሄዶ ይንደረደራል፤ መንደርደሪያው ባዶ ላይ ካረፈ ይቆማል። የባሰው ሳይቆም ሲቀር ነው፤ «የሙሽራዋ ቤት» ብለህ በሰየምከው ፋይል ውስጥ የአዳራሹን ጭፈራ ያስቀምጥልሃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለዚህ ቁጥር ሳታዝ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፋየርዋየር አስገባ። ፋይናል ካት ፕሮ 7 ካለህ ታይምኮድ በተቆረጠ ቁጥር አዲስ ክሊፕ እንዲከፍት ማዘዝ ትችላለህ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን የሪል ስም ስጠው፤ የካሴቱን ቁጥር ጽፈህ ሀ፣ ለ፣ ሐ በል። ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ያዝ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሲሆን «አለቀ» ብለህ ካሴቱን እንዳታወጣ አደራ! ከባዶው ወዲያ የአያትህ ምርቃት ሊኖር ይችላል።

ካሴትን አስቀድሞ በጥቁር ምስል ሙላው የሚል ምክር ትሰማለህ። እሱ ለአዲስ ካሴት ነው፤ የተቀረጸበት ላይ ብታደርገው ሰርጉን ታጠፋዋለህ። ቁጥሩ አንድ ወጥ እንዲሆን ብሎ ወደ ሌላ ካሴት መገልበጥንም አልመክርህም፤ ማጫወቻው ማንበብ ያቃተው ቦታ በቅጂው ላይ እንደተበላሸ ይቀራል፣ ካሜራማኑ የት የት እንዳቆመም አታውቅም። ከካሴቶቹ መካከል ቪኤችኤስ ካለ ስለ ታይምኮዱ አታስብ፤ የቤት ቪኤችኤስ ከመጀመሪያውም ታይምኮድ የለውም።

የቁራጮቹ ተራ ከተምታታብህ ዲቪ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓትም አብሮ ይይዛልና እሱን ተመልከት። የካሜራው ሰዓት ያልተስተካከለ ከነበረ የሙሽራዋን እናት አስቀምጠህ አሳያቸው፤ ማን ቀድሞ እንደገባ እሳቸው ይነግሩሃል።