አስተናጋጅ ማን ነው?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤውን በአዲስ አበባ ባካሄደበት ወቅት፣ ሀገራችን በ2029 እ.ኤ.አ. ሊደረግ ታቅዶ የነበረውን የአፍሪካ ዋንጫ የማስተናገድ ፍላጎት እንዳላት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ተገለጸ። ወሬው እስከ ቁምስናዎቻችን ግቢ ደርሶ ወጣቶቻችንን ሲያከራክር ሰንብቷል። ከፊሎቹ፣ «ለሕዝብ እንጀራ ሳይዳረስ ለኳስ ሜዳ ገንዘብ ማፍሰስ ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ድሃ ደስ አይበለው ያለው ማን ነው?» ብለው ይመልሳሉ። እኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ኋለኞቹ እናደላለን፤ ድሃ እስኪጠግብ ድረስ መዝፈን የለበትም የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከጠገበ ሰው አፍ የሚወጣ ነውና። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ሳይነኩት የሚያልፉት አንድ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ማስተናገድ ራሱ ምንድን ነው?

ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳለች። ከሦስቱ በሕዝብ ልብ የቀረው የመጀመሪያው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀትና የቅዱስ ሚካኤል በዓል ባለፉ ማግስት፣ ቡድናችን በአዲስ አበባ የግብፅን ቡድን (የዚያን ጊዜ መጠሪያው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በአስመራ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሰው። ይህ ሰው ከአብዮቱ በኋላ ተሰደደ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በጣልያን ሀገር አሳለፈ። በስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት የባለቤቶቹ አለቃ ሆኖ የቆመው፣ በሌላ ሀገር ደጅ እንግዳ ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ፣ ሜዳዎቻችን የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት ባለማሟላታቸው፣ ቡድናችን «በሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርግ ታይቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። የራስን ድግስ በጎረቤት ቤት እንደ መደገስ ያለ ነገር ነው።

እስቲ ቃሉን እንመልከተው። «እንግዳ»፣ «ነጋዴ» እና «አስተናጋጅ» ሥራቸው አንድ ነው፤ ግዕዙ «ነገደ» ሲል መንገድ መሄድንም መነገድንም ያመለክታልና። በዕለታዊ ንግግራችንም ዋንጫ የሚያዘጋጀውን ሀገርና በቡና ቤት ትሪ ይዞ የሚቆመውን ወጣት የምንጠራቸው በዚሁ በአንድ ቃል ነው። ይህ የቋንቋ ድህነት አይመስለንም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የማያውቃቸውን ሦስት መንገደኞች በቀትር ሐሩር ሮጦ ተቀብሎ ሲያበላ፣ እነርሱ ተቀምጠው ሳለ እርሱ ቆሞ እንደ ነበር ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ደግሞም አልጋበዛቸውም ነበር።

ይህን ቃል መተማ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የንግድና የመንገደኛ ከተማ ነው፤ ከገላባት የሚለየው አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ከጥንቱ የቆላው ነዋሪ ከጉሙዝ ሕዝብ በቀር አብዛኛው ሰው ከደጋ የወረደ ነው፤ በሰሊጥ ወራትም የቀን ሠራተኛው በየዓመቱ እየጎረፈ ይመጣል። ስለዚህ በመተማ ባለቤት የሚባለው ሰው ራሱ የትናንት እንግዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የት እንደ ተደረገ ከወጣቶቻችን ስንቶቹ ያውቁ ይሆን? በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ስትወጣ፣ የቀሩት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። የእኛ ቡድን በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። ካርቱም ያን ጊዜ ጋብዛ ተቀበለችን። በኋላ ግን ሳንጋበዝም ሄደናል። በ1977 ዓ.ም. በረሃብና በጦርነት ዘመን የገዳሪፍ አውራጃ እጅግ ብዙ ወገኖቻችንን አስጠግቷል፤ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ኡም ራኩባም በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሚሸሹ ዳግመኛ ተከፍቷል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ እኛ ለትንሣኤ ሌሊት ስንሰናዳ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የዚያች ከተማ ሰዎች፣ ሱዳናውያንም በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የሌላ ሀገር ዜጎችም፣ በመተማ ድልድይ ላይ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይሻገሩ ጀመር። ማንም ዕጣ አላወጣላቸውም፤ መዝሙር አልተዘመረላቸውም። ያላቸውን ያካፈሉ የመተማ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሁሉም መልካም ነበር ብንል እንዋሻለን። በ2016 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ዘረፋና ጥቃት ስለ በዛባቸው ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለወራት ከረሙ። አካባቢው ራሱ በግጭት ውስጥ እንደ ነበር፣ ባለቤቱም ሰላም እንዳልነበረው እናውቃለን። ይህ የሆነውን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ለስደተኛው የሚገባውን አያስቀርበትም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ መንግሥት አስቀድሞ ለገዛ ዜጋው ተጠያቂ ነው፣ ድሃ ሀገርም የመጣውን ሁሉ መቀበል አይቻላትም ይባላል። እውነትነት አለው። ስንት ሰው መቀበል እንደምንችል ዐቅማችን ይወስነዋል። የተቀበልነውን ሰው እንዴት እንደምንይዘው ግን ዐቅም ብቻውን አይወስነውም፤ ዘረፋን መከልከል ስታዲየም እንደ መገንባት ያለ ወጪ አይጠይቅምና። የተጋበዘ እንግዳ የሚመጣበት ቀን ታውቆ፣ የሚመለስበትም ተቆርጦ፣ ስማችንን በዓለም ሊያስጠራ ይመጣል። በዚህ ውስጥ ጥቂት ንግድ አለበት፤ ነውር ነው አንልም፣ ቃሉም አይከለክለውም። ያልተጋበዘው ግን የሚያስጠራልን ስም የለውም። እንግዲህ ማስተናገድ መቻላችን የሚለካው በየትኛው ነው?

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አድርገን አይደለም። በአንድ ቁምስና ስናገለግል ከፍ ያለ እንግዳ ሊጎበኘን ነው ተብሎ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ስናስቀባ፣ ግቢ ስናስጠርግ ሰነበትን። በዕለቱ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ወጡ ደርሶ ሳለ፣ ከመተማ መንገድ የመጣች አንዲት ሱዳናዊት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከበሩ ቆመች። አማርኛ የምትችለው ትልቁ ልጅ ብቻ ነበረች፤ «ውሃና የምናርፍበት ጥላ» አለች። እኛም ዘበኛውን ጠርተን፣ «እንግዶቹ እስኪሄዱ ከውጭ ይቆዩ፣ ከዚያ በኋላ እናስተናግዳቸዋለን» አልነው። ያልነው በዚሁ ቃል ነበር። እንግዶቹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመስግነው ሄዱ። ብዙ ምግብ ተርፎ ስለ ነበር በሰፌድ አስይዘን ወደ በሩ ወጣን። ዘበኛው ከጥላው ተነሥቶ፣ «አባ፣ ፀሐዩ ሲበረታባቸው ጊዜ ወደ መናኸሪያው ወረዱ» አለን። አንድ ልጅ ልከን አስፈለግናቸው፤ አላገኛቸውም።