አባት ልጁን ፈልጎ ሲመጣ



አንድ ወጣት ከአባቱ ዱላ ሸሽቶ ወደ ከተማችን ወደ መቲ መጣ እንበል። በቡና ለቀማ ወራት ሥራ ያገኛል፤ ማታ ይማራል፤ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ይዘምራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቱ ከቴፒ በሚመጣው መኪና ይደርስና ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያገኘናል። «ልጄን አይታችኋል?» ሲልም ይጠይቀናል። ምን እንመልስለታለን? አባት ነውና የልጁን መኖሪያ ልንነግረው ይገባናልን? ዝም ብንልስ ወላጅን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ እናፈርሳለንን?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ወላጅን ማክበር ያደግንበት መልካም ባህል ነው፤ የተጣላን ማስታረቅም የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ልጁን እጁን ይዘን ከአባቱ እግር ሥር ብንጥለው ጽድቅ የሠራን ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሳይመረመር የሚሠራ ጽድቅ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ማክበር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ማክበር ማለት አለመሳደብ፣ አለመበቀል፣ በችግር ጊዜ መርዳት፣ በጸሎት ማሰብ ነው። ራስን ለጭካኔ አሳልፎ መስጠት ግን ከዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 6፣ ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያስጠነቅቃል። የአገራችንም ሕግ ቢሆን ተግሣጽና ጭካኔን ለይቶ ያያል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ በኃላፊነት ይዞ የሚያንገላታውንና የሚደበድበውን ሰው ይቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ የሚደረገውን፣ ሕግን የማይተላለፈውን ተግሣጽ ግን ከዚህ ይለያል። ለአዋቂውም ቢሆን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የሚኖርበትን ስፍራ ራሱ የመምረጥ መብት ይሰጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ የዳዊት ታሪክ ለጥያቄያችን ይቀርባል። ሳኦል ለዳዊት አማቱ ነው፤ «ልጄ» ብሎም ይጠራዋል። ነገር ግን ጦር ወረወረበት። ዳዊት ሸሸ። በመስኮት አውርዳ ያስመለጠችው የሳኦል የራሱ ልጅ ሜልኮል ናት፤ በፍላጻ ምልክት ያስጠነቀቀውም የሳኦል ልጅ ዮናታን ነው። ዳዊት ሸሽቶም ማክበሩን አልተወም። በዋሻ ውስጥ ሳኦልን አግኝቶ ሳለ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈረጠ እንጂ አልነካውም። በሌላ ጊዜም ሳኦል ተኝቶ ሳለ ጦሩን ወስዶ፣ ራቅ ካለ ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ተጣራ። ሳኦል በደሉን አምኖ «ተመለስ» ቢለው ዳዊት ምን አደረገ? ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ጦሩን እንዲወስድ ነገረው። ጦሩን መለሰ፤ ራሱን ግን አልመለሰም። ይቅርታው እውነተኛ ነበር፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀትም እንደዚያው።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ዶይቅ የሚባል ኤዶማዊ አለ። ዳዊት በኖብ ወደ ካህኑ አቢሜሌክ መግባቱን አይቶ ለሳኦል ነገረ። የመጣበትን ስፍራ ሲናገር አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። በዚያ ቃል ምክንያት ግን 85 ካህናት ታረዱ። ስለዚህ «እኔ እውነቱን ነው የተናገርሁት» ማለት ብቻውን ንጹሕ አያደርገንም። ማን እንደ ጠየቀን፣ ለምን እንደ ጠየቀንም ማሰብ አለብን።

ታዲያ መዋሸት አለብንን? የለብንም። የሚያስፈልገን ለሁሉም የምንሰጠው አንድ መልስ ነው፦ «አባባ፣ እኛ ስለ ማንም አባል ለማንም አንናገርም፤ መልእክት ካለዎት ለአስተዳዳሪው ይንገሩ» እንበል። ይህን መልስ ለሸሸው ወጣት ብቻ ያዋልነው እንደ ሆነ ግን ዝምታችን ራሱ ይጠቁማል። ስለዚህ ማንም ስለ ማንም ቢጠይቀን መልሳችን ይኸው ይሁን። አባቱንም አናዋርደው፤ ወንበርና ውኃ እናቅርብለት። በእውነት ተጸጽቶ እንደ ሆነ ልጁ እስኪዘጋጅ መታገሥ ይቻለዋል።

መቲ ሁሉ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጠላት ሳይሆን ከወዳጅ አፍ ነው። የመዘምራኑን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ስንለቅቅ ፊቱንም ስፍራውንም አብረን እንልካለን። በቴሌብር ገንዘብ ሲላክ የተቀባዩ ስም ለላኪው ይታያል። ቴፒ ላለች አክስቱ «አይዞሽ፣ እኛ ጋ ደኅና ነው» ስንላት ወሬው በማግስቱ አባቱ ቤት ይገባል። እናቱ የምትጨነቅ ከሆነም፣ ልጁ ሲፈቅድ ብቻ፣ አንድ የታመነ ሽማግሌ ስፍራውን ሳይገልጽ ደኅንነቱን ይንገራት።

የሸሸው ልጅ ዕድሜ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን እኛ ወጣቶች ብቻችንን አንሸሽገው። ከሰንበት ት/ቤቱ ኃላፊዎች ጋር ሆነን ወደ ፖሊስ ወይም የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽ/ቤት እናድርሰው፤ የደረሰበትንም በራሱ አንደበት ይናገር። ሰውነቱ ላይ ያለው ቁስል በሐኪም ይታይ።

ዕርቅን አንጠላም። ነገር ግን ዕርቅ በድንገት ከበር ላይ አይፈጸምም፤ ቀኑንም የሚቈርጠው የተደበደበው እንጂ አስታራቂው አይደለም። እስከዚያ ድረስ የእኛ ድርሻ አፍን መጠበቅ ነው። አበው «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ይላሉ። እንግዲህ ወንድማችን ተሸሽጎ የሚኖርባት አገር የእኛ ሆድ ትሁንለት።