የተዋሰው ምሳር

እግዚአብሔር ሰውን የሚያስተምረው በመጽሐፍና በስብከት ብቻ አይደለም፤ በእጃችን በምንይዘው ዕቃ፥ በዕለት ሥራችንም በሚደርስብን ጥቂት ጉዳት ደግሞ ያስተምረናል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እርሾ፥ ስለ መብራትና ስለ አሮጌ አቁማዳ ሲናገር፥ ሰሚዎቹ በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ምሳሌ አድርጎ አስተማራቸው። እንግዲህ እኛም ዛሬ አንድ ምሳር እንመልከት።

ታሪኩ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ6ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 1 እስከ 7 ይገኛል። የነቢዩ የኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት የሚቀመጡበት ስፍራ ስለ ጠበባቸው፥ ቤት ለመሥራት ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እንጨት ይቆርጡ ጀመር። ኤልሳዕም አብሮአቸው ሄደ። ከእነርሱም አንዱ ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ከዛቢያው ወልቆ ከውኃ ውስጥ ገባ። ሰውየውም ብረቱ የተዋሰው ስለ ነበረ ደንግጦ ወደ ኤልሳዕ ጮኸ።

አስተውል፤ ይህ ሰው በክፉ ሥራ ላይ አልተገኘም። የነቢይ ተማሪ ነበረ፤ ሥራውም መልካም ነበረ፤ የእግዚአብሔር ሰውም ከእነርሱ ጋራ ነበረ። ይህ ሁሉ ሳለ ብረቱ ወለቀ። ስለዚህ ወደ ጸሎት ቤት መሄዳችን፥ መዝሙር መዘመራችን፥ ከመልካም ሰዎችም ጋራ መዋላችን ብቻውን የላላውን ዛቢያ አያጠብቅልንም።

ምሳር እንዴት እንደሚላላ እንጨት የቆረጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። በበጋ ዛቢያው ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይቀጥናል፤ ብረቱም በተመታ ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይነቃነቃል፥ ድምፁም ይለወጣል። አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ይመለከተዋል። ቸልተኛ ሰው ግን፥ ይህችን አንዲት ግንድ ብቻ ልጨርስ እያለ ይመታል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለ እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ለላላ ምሳር ሰዎች ሁለት ዐይነት መድኃኒት ያደርጉለታል። አንዱ ከውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ውኃው በደረቀ ጊዜ ተመልሶ ይላላል። ሁለተኛው ሽብልቅ መምታት ነው፤ ይህ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፥ ብረቱ ግን ይጸናል። እንዲሁም በእሑድ ስብከት ሰምቶ የሚያለቅስ፥ እስከ ማክሰኞም እንባው ደርቆ ወደ ቀድሞ ነገሩ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። እንባው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሽብልቅ አልተመታለትም። ሽብልቁ ልብን የሚሰነጥቅ እውነተኛ ንስሓ ነው፤ ይኸውም ኀጢአትን በስሙ ጠርቶ መተው ነው።

ደግሞም እንጀራ የምትጋግር ሴት ታስተምረን። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። ከተሟሸም በኋላ በየጊዜው በጎመን ዘር ትሰሰዋለች። ትናንት ተሰሷልና ዛሬ ይቅር ብትል፥ እንጀራው ይጣበቃል፥ ሲነሣም ይቀደዳል። ያን ጊዜ ሊጡን ወይም እሳቱን መንቀፍ ምን ይጠቅማል? የዛሬውን ጸሎት በትናንቱ ጸሎት መተካት የሚወድ ክርስቲያንም፥ ፈተና ሲያገኘው ዘመኑንና ባልንጀራውን ይነቅፋል፤ የጎደለው ግን በገዛ ቤቱ ነው።

ይህን ነገር ወደ ኑሮአችን እናምጣው። አንድ የዕድር ገንዘብ ያዥ እናስብ። በሰፈሩ የተከበረ፥ በጉባኤም የሚጸልይ ሰው ነው። አንድ ቀን ልጁ ታመመበትና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ብር ከዕድሩ ሣጥን ወሰደ፤ ደመወዝ ስቀበል እመልሳለሁ ብሎም በልቡ ቈረጠ። ደመወዙም ሲመጣ ሌላ ችግር ቀደመው። በሁለተኛው ወር ሲወስድ እጁ እንደ መጀመሪያው አልተንቀጠቀጠም፤ በአራተኛው ወር ከመዝገቡ ላይ አንድ ቍጥር ለወጠ። ከዚህ በኋላ ከአባሎቹ አንዱ በሌሊት ዐረፈ። ሲነጋም ለቀብር የሚሆነው ገንዘብ ይምጣ ተባለ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ድንኳን ሲጠብቅ፥ ሣጥኑ ተከፍቶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ይህ ሰው ዛሬ ወደቀ ይላሉ። ነገር ግን የወደቀው ዛሬ ነውን? ዛሬ የተሰማው ብረቱ ከውኃ የገባበት ድምፅ ብቻ ነው።

አንተም ተማሪ ብትሆን ከባልንጀራህ ወረቀት የምትገለብጠውን አንዲት መልስ፥ ነጋዴም ብትሆን ከሚዛንህ የምታጎድለውን ጥቂት ነገር፥ የመሥሪያ ቤት ሰውም ብትሆን ያልሠራህበትን ሰዓት ሠራሁ ብለህ የምትፈርመውን ፊርማ አትናቅ። በጥቂት ነገር የማይታመን በብዙም እንዳይታመን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ አስተምሮናልና።

ሰውየው የጮኸበትን ምክንያት ደግሞ አንርሳ። ብረቱ የራሱ አልነበረም። በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰው ከባልንጀራው የተዋሰው ከብት ባለቤቱ በሌለበት ቢጎዳ ወይም ቢሞት፥ የተዋሰው ሰው ይከፍላል። እኛስ የራሳችን የሆነ ምን አለን? ዕውቀታችን፥ ጤናችን፥ ሹመታችን፥ ስማችንም ሁሉ ከእግዚአብሔር የተዋስነው ነው፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ይጠይቀናል።

ነገር ግን ታሪኩ በጩኸት አላለቀም። የእግዚአብሔር ሰው ተማሪውን አልዘለፈውም፤ ብረቱ የወደቀበትን ስፍራ ግን ጠየቀው። ተማሪውም አሳየው። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ኀጢአተኛ ነኝ ማለት ቀላል ነው፥ ሁሉም ይለዋልና። በዚህ ቀን፥ ከዚህ ሣጥን፥ ይህን ያህል ወሰድሁ ብሎ ስፍራውን ማሳየት ግን እጅግ ከባድ ነው። ያም ገንዘብ ያዥ በመጀመሪያው ወር ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄዶ ይህን ቢናገር ኖሮ፥ ያፍር ነበረ፤ ሐዘንተኛው ግን ባዶ ሣጥን ባላየ ነበረ። ኦሪት ዘኍልቍም በ5ኛው ምዕራፍ፥ የበደለ ሰው ኀጢአቱን እንዲናዘዝ፥ የወሰደውንም አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስ ያዝዛል።

ስፍራው ከታየ በኋላ ኤልሳዕ እንጨት ቆርጦ በዚያ ጣለ፤ ብረቱም ተንሳፈፈ። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕት ይህን እንጨት የክርስቶስ መስቀል ምሳሌ አድርጎ ተረጐመው። በእውነትም ብረት በገዛ ኀይሉ ከውኃ እንደማይወጣ፥ ሰውም ያለዚያ እንጨት ከሰጠመበት አይወጣም። ነገር ግን ብረቱ ከተንሳፈፈ በኋላ ተማሪው እጁን ዘርግቶ እንዲያነሣው ታዘዘ። ጸጋ የእግዚአብሔር ነው፤ እጅን መዘርጋትና የተወሰደውን ለባለቤቱ መመለስ ግን የእኛ ነው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ዛቢያህን ነቅንቀህ ተመልከት። ጸንቶ ብታገኘው አመስግን። ላልቶ ብታገኘው እስከ ነገ አታቈየው። ወድቆም እንደ ሆነ ስፍራውን አሳይ፤ የሚጠይቅህ ሊያዋርድህ ሳይሆን ሊመልስልህ ነውና። የተዋስነውን በእውነት ጠብቀን በደስታ እንድንመልስ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።